ያው ኮድ፣ ያው ማሽን፣ የተለያየ ውጤት፦ የአንድ ፕሮሰሰር ሲሙሌተር የሪግሬሽን ቴስት ጉዳይ

ጉዳዩ የጀመረው አንድ ባልደረባዬ በኮዱ ውስጥ ባለ ማብራሪያ ላይ ያገኘውን የፊደል ግድፈት አርሞ ባስገባበት ዕለት ነው። የምትሠራ አንዲት መስመር እንኳ አልነካም፤ ይሁንና በዚያው ሌሊት በተካሄደው የሪግሬሽን ቴስት ባለ 4 ኮሩ የመቆለፊያ ቴስት፣ ማለትም አራት ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የማስላት ክፍሎች) በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘውን መቆለፊያ የሚሻሙበት ቴስት፣ ወደቀ። የተጠበቀው የሳይክል (የፕሮሰሰሩ ሰዓት አንድ ምት) ብዛት ከ18 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ የተገኘው ከዚያ የተለየው በጥቂት መቶ ሳይክሎች ብቻ ነበር። ጠዋት ቢሮ ገብተን ያንኑ ቴስት ደግመን ስናስኬደው አለፈ።

ሲሙሌተራችን በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን የሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰርን አሠራር ሳይክል በሳይክል ያስመስላል። ኮሮቹ የየራሳቸው ካሽ፣ ማለትም በቅርብ የተጠቀሙበትን መረጃ የሚይዝ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ፣ አላቸው፤ ሁለት ኮሮች አንድን የካሽ መስመር (ካሹ በአንድነት የሚይዘውን የሜሞሪ ቁራጭ) በአንድ ጊዜ ሊጽፉበት ሲፈልጉ የሚዳኛቸው ዳይሬክተሪ የምንለው ክፍል ነው። ሲሙሌተሩ ራሱ ግን የሚሠራው በአንድ ትሬድ (በአንድ የሥራ ሰንሰለት) ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክንውን በሚፈጸምበት ሳይክል መሠረት ወረፋ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ይፈጸማል፤ በአንድ ሳይክል ላይ የተገናኙ ክንውኖችም በገቡበት ቅደም ተከተል ይወጣሉ። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ያው ግብዓት ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት ሊሰጥ ይገባል፤ ይህም በግምት ሳይሆን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ ነው። የሪግሬሽን ቴስታችን የቆመውም በዚሁ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ኮድ በቀየረ ቁጥር ትንንሽ ፕሮግራሞች በሲሙሌተሩ ውስጥ ይሮጣሉ፣ የተገኙት ቁጥሮችም አስቀድሞ ከተቀመጠ የማመሳከሪያ ፋይል ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸራሉ።

በስብሰባ ላይ መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ቴስቱ እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ልዩነትን እንዲያሳልፍ ማድረግ ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ በእውነተኛ ማሽን ላይ የሚለካ ጊዜም ከሩጫ ሩጫ ይለያያልና፣ ከሲሙሌተር የበለጠ ለምን እንጠብቃለን የሚል ነው። ይህን ሐሳብ አጥብቄ ተቃወምኩ፤ ዛሬም እቃወመዋለሁ። በእውነተኛ ማሽን ላይ ልዩነቱን የሚያመጡት ከእኛ ቁጥጥር ውጭ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ሙቀቱ፣ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ። በሲሙሌተሩ ውስጥ ግን ከሰዓቱ እስከ ሜሞሪው ድረስ ያለውን ሁሉ የጻፍነው እኛው ነን፤ ቁጥሩ ከተለዋወጠ፣ የምናስመስለው ማሽን አካል ያልሆነ አንድ ነገር ወደ ውስጥ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ የ18 ሚሊዮን ሳይክል 1 በመቶ 180 ሺህ ሳይክል ነው። በካሾች መካከል ያለውን ስምምነት የሚያፈርስ ከባድ ስህተት እንኳ በዚህ ስፋት ውስጥ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ጉዳዩን ስንመረምር ችግሩ አዲስ አለመሆኑንም ደረስንበት። የሌሊት ቴስቶችን የሚያስኬደው ስክሪፕት የወደቀን ቴስት እስከ 3 ጊዜ ሞክሮ አንዴ ካለፈ አልፏል ብሎ እንዲመዘግብ ተደርጎ ቆይቷል። ያን ያደረገው ሰው ዓላማው ቅን ነበር፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ በከንቱ የሚወድቁ ቴስቶችን ለመቀነስ ነው። ውጤቱ ግን ጥፋቱን ለወራት መሸፈን ሆነ።

ቸኩሎ የተሰጠ መደምደሚያ

በመጀመሪያ ድግግሞሹን ለካን። ቴስቱን በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ አካውንት፣ ምንም ሳንቀይር 100 ጊዜ አስኬድነው፤ 71 ጊዜ አለፈ፣ 29 ጊዜ ወደቀ። ከእነዚህ ቁጥሮች ስክሪፕቱ እንዴት እንደሸፈነው ማስላት ይቻላል፦ 3 ሙከራዎች ሁሉም የሚወድቁት ከ1000 ሌሊት በ24ቱ ገደማ ብቻ ነው። ባለ አንድ ኮር ቴስቶች በሙሉ አንድም ጊዜ አልተለዋወጡም። ስህተት ለመፈለግ በምንጠቀምበት ዲበገር በጂዲቢ ውስጥ ስናስኬደው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ የሚገርመው ያ ቁጥር ከዲበገሩ ውጭ ካየናቸው ውጤቶች ከአንዱም ጋር የማይገጥም መሆኑ ነው። ይህን በማስታወሻዬ አሰፈርኩት እንጂ በወቅቱ ትርጉሙ አልገባኝም።

ፕሮግራም ያለ ምክንያት ሲለዋወጥ ሁላችንም አስቀድመን የምንጠረጥረው እሴት ሳይሰጠው ጥቅም ላይ የዋለ ቫሪያብልን ነው። ስለዚህ ሲሙሌተሩን በቫልግሪንድ ውስጥ አስኬድነው። ቫልግሪንድ እያንዳንዷን የሜሞሪ ንባብ ስለሚከታተል ሥራውን በብዙ እጥፍ ያዘገየዋል፤ ሆኖም አንድ እውነተኛ ጥፋት አገኘልን። ፕሮግራሙ በየትኛው መንገድ እንደሚቀጥል አስቀድሞ በሚገምተው በቅርንጫፍ ተንባዩ ክፍል ውስጥ ያሉት ባለ 2 ቢት ቆጣሪዎች ሠንጠረዥ ሲፈጠር እሴት አይሰጠውም ነበር፤ ከዚያ ቀደም ሌላ ነገር በነበረበት ሜሞሪ ላይ ሲያርፍ የቀረውን ሁሉ እንደ ቆጣሪ ያነበዋል። አስተካከልነው፣ ቴስቱን 5 ጊዜ አስኬድነው፣ 5ቱንም አለፈ። ችግሩ ተፈቷል ብዬ ለቡድኑ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሌሊት ቴስቱ እንደገና ወደቀ።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስህተቱ የፕሮግራም ሳይሆን የሒሳብ ነበርና። በ100 ሩጫ 71 ጊዜ የሚያልፍ ቴስት ምንም ሳይስተካከል 5 ጊዜ በተከታታይ የማለፍ ዕድሉ 18 በመቶ ነው። ማረጋገጫ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ከ6 ጊዜ አንዴ ገደማ በአጋጣሚ የሚመጣ ነበር። ይህን ዕድል ከ1 በመቶ በታች ለማውረድ ቢያንስ 14 ተከታታይ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። ከ20 ጊዜ አንዴ ብቻ የሚወድቅ ቴስት ቢሆን ኖሮ ደግሞ 90 ያህል ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማስተካከያ ከመሞከሬ በፊት ስንት ሩጫ እንደሚያሳምነኝ አስልቼ እጽፋለሁ። የቆጣሪዎቹ ሠንጠረዥ መስተካከሉ በራሱ ትክክል ነበር፤ የምንፈልገው ጥፋት ግን እሱ አልነበረም።

የመጀመሪያዋን የተለየች ክንውን ፍለጋ

ከዚህ በኋላ መገመቱን ትተን ሁለት ሩጫዎች መለያየት የሚጀምሩበትን ቦታ ለመፈለግ ወሰንን። ሙሉ ትሬስ (የክንውኖችን ዝርዝር መዝገብ) አውጥቶ ማወዳደር የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን የ4 ኮሮችን እያንዳንዱን ክንውን የያዘ ትሬስ ዲስኩን ከመሙላቱም በላይ፣ መጻፉ ራሱ ሩጫውን እጅግ ያዘገየዋል። ስለዚህ አሻራ መሥራት መረጥን። እያንዳንዱ ክንውን ሲፈጸም ሳይክሉ፣ የፈጸመው ክፍል ቁጥርና የክንውኑ ዓይነት ተደማምረው በአንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ውስጥ ይታጠፋሉ፤ በየ1 ሚሊዮን ሳይክሉም ያ ቁጥር ይታተማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ ሁሉም አሻራዎች ተለያዩ፤ ምክንያቱም ሳናስበው የክንውኑን የሜሞሪ አድራሻም አብረን አጥፈን ነበር። አድራሻው በየሩጫው ስለሚቀየር አሻራው ዋጋ አልነበረውም። አድራሻውን አውጥተን ስንደግመው ያለፈውና የወደቀው ሩጫ ስድስት መስመሮችን አንድ ሆነው ሄደው በሰባተኛው ተለያዩ።

ፍለጋው ከ18 ሚሊዮን ሳይክል ወደ 1 ሚሊዮን ጠበበ። በዚያ መስኮት ውስጥ ብቻ ሙሉ ትሬስ አወጣንና ሁለቱን ፋይሎች አነጻጸርን። የመጀመሪያዋ ልዩነት የታየችው በሳይክል 6,214,083 ላይ ነው። በሁለቱም ሩጫዎች ዳይሬክተሪው አንዲትን የካሽ መስመር ይለቃል፤ ያችም መስመር ኮሮቹ የሚሻሙበትን መቆለፊያ የያዘች ናት። በሁለቱም ኮር 1 እና ኮር 3 ያንን መስመር ይጠባበቃሉ። በአንደኛው ሩጫ መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው ኮር 1 ነው፣ ቀጥሎ ኮር 3፤ በሌላው መጀመሪያ ኮር 3፣ ቀጥሎ ኮር 1። ከዚህች ነጥብ በፊት ያሉት ሚሊዮኖች ክንውኖች አንድ ናቸው፤ ከእሷ በኋላ ግን መቆለፊያውን ሌላ ኮር ስለያዘው የፕሮግራሙ አካሄድ ሁሉ ይለወጣል። ባለ አንድ ኮር ቴስቶች የማይለዋወጡበት ምክንያትም በዚሁ ግልጽ ሆነ፤ እዚያ ለአንድ መስመር ሁለት ጠባቂ ፈጽሞ አይኖርም።

61 ባኬቶች

ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ምንድን ነው? ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለደኅንነት ሲባል የፕሮግራሞችን የሜሞሪ አድራሻ በየሩጫው ያዘበራርቃል። ይህን በሴትአርች ትእዛዝ አጥፍተን ቴስቱን 1000 ጊዜ አስኬድነው፤ ውጤቱ 1000 ጊዜም አንድ ሆነ። ጂዲቢም በነባሪ አሠራሩ ይህንኑ ማዘበራረቅ ስለሚያጠፋ፣ በዲበገሩ ውስጥ ልዩነት ያላየነው በዚህ ምክንያት ነው። ማዘበራረቁን መልሰን አብርተን ሌላ 1000 ስናስኬድ ደግሞ ያገኘናቸው የተለያዩ ውጤቶች ከ20 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ሆኑ፤ የሩጫውን ቁጥር ብንጨምርም አዲስ ውጤት መታየቱ እየቀረ ሄደ። በአጋጣሚ የሚናወጥ ነገር እንዲህ በተወሰነ ክልል ውስጥ አይቆይም። ይህ ነው ወደ መጨረሻው መልስ ያደረሰን።

አስቀድመን የወነጀልነው በፖይንተር (በሜሞሪ አድራሻ) የሚደረደሩትን የሲ ፕላስ ፕላስ ማፖች፣ ማለትም መረጃን በቁልፍ ቅደም ተከተል የሚይዙ ዝርዝሮችን፣ ነበር። ሦስት አገኘን፣ ሦስቱንም በመለያ ቁጥር እንዲደረደሩ ቀየርን፤ ልዩነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ሊኑክስ ሂፑን (ፕሮግራሙ እየሮጠ ለዕቃዎቹ ቦታ የሚወስድበትን ሜሞሪ) ሲያዘዋውር ሙሉውን በአንድነት ነው የሚያዘዋውረው፤ ከሌላው ቀድሞ የነበረ ዕቃ ከተዘዋወረም በኋላ ቀዳሚ ነው። ስለዚህ በአድራሻ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረደር ማፕ በአንድ ማሽን ላይ ከሩጫ ሩጫ ቅደም ተከተሉን አይለውጥም። ላይብረሪው ወይም የሜሞሪ አሰጣጡ ሲቀየር ይለውጣልና እነዚያን ሦስቱን መቀየራችን አይቆጨኝም፤ የእኛን ችግር ግን ሊያመጡት አይችሉም ነበር።

ችግሩን ያመጣው የዳይሬክተሪው የራሱ የሆነ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በእጅ የተጻፈ ሃሽ ቴብል፣ ማለትም ዕቃዎችን ፈጥኖ ለማግኘት በቁጥር በተለዩ ሣጥኖች የሚከፋፍል ሠንጠረዥ፣ ነው። 61 ባኬቶች (ሣጥኖች) አሉት፤ አንድ ጥያቄ የሚቀመጥበት ባኬት የሚታወቀው ጥያቄው ራሱ በሲሙሌተሩ ሂፕ ውስጥ ያለበትን አድራሻ ለ61 አካፍሎ ቀሪውን በመውሰድ ነው። መስመሩ ሲለቀቅ ኮዱ ከባኬት 0 እስከ ባኬት 60 እየሄደ ያገኛቸውን ጠባቂዎች ይቀሰቅሳል። ሂፑ የሚዘዋወረው በ4096 ባይት ገጾች ብዜት ሲሆን 4096 ለ61 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሂፑ አንድ ገጽ ወደፊት በሄደ ቁጥር ሁሉም ጥያቄዎች 9 ባኬት ይገፋሉ፣ ከ60 ያለፉትም ዞረው ወደ 0 ይመጣሉ። አንድ ሩጫ ላይ የኮር 1 ጥያቄ በባኬት 12፣ የኮር 3 ጥያቄ በባኬት 50 ተቀምጧል እንበል፤ ኮር 1 ይቀድማል። በሌላ ሩጫ ሂፑ 2 ገጽ ቢገፋ ሁለቱም በ18 ይገፋሉ፤ የኮር 1 ወደ 30 ይሄዳል፣ የኮር 3 ደግሞ 68 ላይ ደርሶ ዞሮ በባኬት 7 ያርፋል፤ ኮር 3 ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ አይበተንም፤ እንደ መንኮራኩር ይዞራል። የመንኮራኩሩ ማረፊያዎችም 61 ብቻ ስለሆኑ፣ ቴስቱ የቱንም ያህል ጊዜ ቢሮጥ የተለያዩ ውጤቶቹ ከ61 ሊበልጡ አይችሉም ነበር።

ማስተካከያው አጭር ነበር። ጥያቄዎች ሲመጡ ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ጠባቂዎች በመጡበት ቅደም ተከተል በተራ ወረፋ ይቀመጣሉ፤ ሃሽ ቴብሉ አንድን ጥያቄ ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ያገለግላል፣ በባኬቶቹ ላይ መዞር ተከልክሏል። ማዘበራረቁ እንደበራ 1000 ጊዜ ሮጦ አንድ ውጤት ሰጠ።

እዚህ ላይ የ1 በመቶውን ሐሳብ የምመልስበት ምክንያት አለኝ። የምናስመስለው ዳይሬክተሪ የዲዛይን ሰነድ ጠባቂዎች በመጡበት ቅደም ተከተል ይስተናገዳሉ ይላል። ሲሙሌተሩ ይህን ሳያደርግ ቀርቷል፤ ቀድሞ የመጣ ኮር በአድራሻው ዕጣ ምክንያት ከኋላ በመጣው ሊቀደም ይችል ነበር። ማለትም የምንፈልገው ጥፋት የቴስቱ አለመረጋጋት ብቻ ሳይሆን ሲሙሌተሩ ሌላ ማሽን እያስመሰለ መቆየቱ ነው። ልዩነቱን እንዲታገሥ ቴስቱን አላልተነው ቢሆን ኖሮ ይህ ስህተት አብሮን ይኖር ነበር።

ከማሽን ማሽን የቀረው ልዩነት

ሥራው በዚህ ያበቃ መስሎን የማመሳከሪያ ፋይሉን አድሰን ስናስገባ፣ የሌሊቱ ማሽን ቴስቱን ጣለው። በዚህ ጊዜ ግን አወዳደቁ ሌላ ነበር፤ በእኔ ማሽን ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር፣ በሌሊቱ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ሌላ ቁጥር። በዚያ ላይ ባለ አንድ ኮር ቴስቶችም ተለያዩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ጥፋቶችን አንድ ላይ ቀላቅለን ስንመለከት እንደነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

አሻራው እዚህም አገዘን፤ ሁለቱ ሩጫዎች የተለያዩት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሳይክሎች ውስጥ፣ ከስታክ (የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ቫሪያብሎች ከሚቀመጡበት ሜሞሪ) በሚነበብ አንድ የካሽ ጥያቄ ላይ ነው። ሲሙሌተሩ የሚያስመስለውን ፕሮግራም ሲጭን የፕሮግራሙን ሙሉ የፋይል መንገድና የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን (እንደ ተጠቃሚ ስም ያሉ፣ ሲስተሙ ለፕሮግራሙ የሚያቀብላቸውን መረጃዎች) በሙሉ ከእውነተኛው ማሽን ወስዶ ከስታኩ አናት ላይ ይገለብጥ ነበር። የእኔ የተጠቃሚ ስም ከሌሊቱ ማሽን አካውንት ስም ይረዝማል፤ ስለዚህ የእኔ ስታክ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ የፕሮግራሙ ቫሪያብሎችም በሌሎች የካሽ መስመሮች ላይ ያርፋሉ።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ሙከራ አደረግን። አንድ ትርጉም የሌለው የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ጨምረን ርዝመቱን በአንድ አንድ ፊደል እያሳደግን ቴስቱን አስኬድነው። የሳይክሉ ብዛት ለተወሰኑ ሩጫዎች ሳይነቃነቅ ይቆይና በድንገት ይዘላል፤ ከዚያ በትክክል 16 ፊደል እስኪጨመር ድረስ እንደገና ይቆማል። በሪስክ-ፋይቭ ደንብ ስታክ በ16 ባይት ብዜት መጀመር ስላለበት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። በዚህ ሙከራ የጂዲቢው እንቆቅልሽም ተፈታ፤ ጂዲቢ የሚያስኬደውን ፕሮግራም ሲያስነሳ የተርሚናሉን የመስመርና የዓምድ ብዛት የሚገልጹ ሁለት ቫሪያብሎችን በኢንቫይሮመንቱ ውስጥ ያስገባል። ስታኩ በእነርሱ ልክ ዝቅ ይላል። በዲበገሩ ውስጥ የምናየው ቁጥር ቋሚ ሆኖ ሳለ ከውጭ ካሉት ከአንዱም ጋር የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን የሚመሰለው ፕሮግራም የሚጀምረው በባዶ ኢንቫይሮመንትና በአንድ ቋሚ አጭር ስም ነው። የማመሳከሪያ ፋይሉ የታደሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፤ ከእንግዲህ ፋይሉን የሚያድስ ሰው የትኛዋ ክንውን እንደተለወጠችና ለምን እንደተለወጠች አብሮ መጻፍ አለበት። ስክሪፕቱም የኔትወርክ ስህተት ካልሆነ በቀር የወደቀን ቴስት ዳግመኛ አይሞክርም።

አንድ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀረን፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው። በዚያው ሰሞን ሁለት የካሽ አተካክ ዘዴዎችን (ካሹ ሲሞላ የትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስኑ) የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ለጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። የስታኩን ቦታ በመለወጥ ብቻ የሚመጣው ልዩነት፣ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል አለ ካልነው ልዩነት በልጦ ተገኘ። ኢንቫይሮመንቱን ባዶ ማድረጋችን ቁጥሩን አጸናው እንጂ ይህን አልፈታውም፤ ከብዙ ቦታዎች አንዱን መርጠን በእሱ ላይ ቆምን ማለት ነውና። ሠንጠረዡን ከጽሑፉ አወጣነው። አሁን እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ባለ 64 ባይት የካሽ መስመር ውስጥ ስታኩ ሊጀምርባቸው በሚችሉት 4 ቦታዎች ሁሉ ይሮጣል፤ በሠንጠረዡም የሚሰፍሩት ትንሹና ትልቁ ውጤት ናቸው። ከሁለቱ ዘዴዎች የአንዱ ትንሹ ከሌላው ትልቁ በማይበልጥባቸው ፕሮግራሞች ላይ ልዩነት አለ ብለን አንጽፍም።